የጦር ጉዳተኛ የአበል ይግባኝ በምን ይወሰናል?

ስድስት ዓመት ያገለገለ ወታደር በሐኪሞች ቦርድ ሲሰናበት ጉዳቱ በግዳጅ ላይ የደረሰ መሆኑ ከተረጋገጠለት ዕድሜ ልኩን በየወሩ የጉዳት ጡረታ አበል ይቀበላል። ይኸው ወታደር፣ በዚያው በሚያነክሰው እግሩ፣ ፋይሉ ላይ «በጤና ጉድለት ለውትድርና ብቁ አይደለም» ተብሎ ብቻ ከታለፈ ግን የሚደርሰው አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነው። ሕጉ በጤና ጉድለት ምክንያት የዘወትር አበል ለመስጠት ቢያንስ አሥር ዓመት አገልግሎት ይጠይቃልና። ቁስሉ አንድ፣ ሰውየውም አንድ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው ጉዳቱን ከአገልግሎቱ ጋር የሚያገናኝ ማስረጃ መኖርና አለመኖሩ ነው። ይግባኝ ሲባል ብዙ ሰው «ምን ያህል ተጎዳሁ» የሚለውን ለማስረዳት ይዘጋጃል። ክርክሩ ግን በአብዛኛው የሚያልቀው «የት፣ መቼ፣ በምን ሥራ ላይ» በሚለው ነው።

ከአዲስ አበባ ዳር ዳር፣ ከቡራዩና ከሰበታ እስከ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ፣ የቤት ኪራዩ ከመሃል ከተማ ቀለል ስለሚል የሰፈሩ ብዙ የቀድሞ ወታደሮች አሉ። ቱሉ ዲምቱ የሚኖር ባለጉዳይ የሕክምና ካርዱ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ከሆነ ከተማዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ አለበት። አንድ ወረቀት ጎደለ ተብሎ መመለስ ለጤነኛ ሰው መጉላላት ነው። ሰው ሠራሽ እግር ላደረገ ሰው ደግሞ ሦስት አራት ታክሲ መውጣትና መውረድ፣ የቆሰለ ጉቶ ይዞ ማደር ነው። ስለዚህ የትኛው ወረቀት ውሳኔ እንደሚለውጥ፣ የትኛው ደግሞ ፋይል ከማወፈር እንደማያልፍ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሕጉ የሚከፍለው ምንድን ነው?

በኢትዮጵያ ወታደሩና ፖሊሱ ከሲቪሉ ሠራተኛ ጋር በአንድ የጡረታ አዋጅ ይተዳደራሉ። አዋጅ ቁጥር 345/1995 በ714/2003 ተተካ፤ 714/2003 ደግሞ በ907/2007 ተሻሽሎ ቆይቶ ቦታውን ለአዋጅ ቁጥር 1267/2014 ለቋል። ውሳኔውን የሚሰጠው የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው፤ ቀድሞ ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ማለት ነው። በ714/2003 መሠረት ወታደሩ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ መንግሥት ደግሞ 25 በመቶ ለጡረታ ፈንድ ያዋጣሉ። ለሲቪሉ ሠራተኛ የመንግሥት ድርሻ 11 በመቶ ነው። ለወታደሩ ከሁለት እጥፍ በላይ የሚዋጣለት ሥራው አደገኛ መሆኑ ታውቆ ነውና አበሉን እንደ ችሮታ የሚያይ ሰው፣ ባለጉዳይም ይሁን ሠራተኛ፣ ከመነሻው ተሳስቷል።

ስሌቱን በቁጥር እንየው። በ714/2003 አቀማመጥ በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ከአሥር በመቶ ያላነሰ የመሥራት ችሎታውን በዘላቂነት አጥቶ የተሰናበተ ሰው፣ ጉዳቱ ሲደርስ ይከፈለው ከነበረው መደበኛ ወርሃዊ ደመወዝ 47 በመቶውን በየወሩ ያገኛል። ደመወዙ 6,000 ብር ከነበረ አበሉ 2,820 ብር ነው። የጉዳቱ መጠን አሥር በመቶ ይሁን ሰማንያ በመቶ፣ የወር አበሉ ያው 47 በመቶ ነው።

ጉዳት ደርሶበት ሥራውን መቀጠል የሚችል ሰው የሚሰጠው የጉዳት ዳረጎት ሲሆን፣ እዚህ ላይ መቶኛው ዋጋ አለው። የደመወዙ 47 በመቶ በ60 ወር ይባዛል፤ የተገኘው ደግሞ በጉዳቱ መቶኛ ይባዛል። ለ6,000 ብር ደመወዝተኛ 2,820 በ60 ሲባዛ 169,200 ይሆናል። ጉዳቱ 30 በመቶ ከተባለ 50,760 ብር፣ 10 በመቶ ከተባለ 16,920 ብር ይደርሰዋል። 9 በመቶ ከተባለ ምንም የለም።

ይህ ስሌት ይግባኙን ራሱን ይመራል። የተሰናበተ ሰው «25 በመቶ አሉኝ እንጂ ጉዳቴ 40 ነበር» ብሎ ዓመት ቢከራከር በወር አበሉ ላይ አንድ ብር አይጨምርም። መቶኛ መከራከሪያ የሚሆነው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው፤ ከአሥር በታች ተብሎ በሩ ለተዘጋበትና በሥራ ላይ ሆኖ ዳረጎት ለሚጠይቅ። ለሌላው ሁሉ ክርክሩ የምክንያት ነው።

ረጅም ያገለገለ ሰው ደግሞ ሌላ ሒሳብ መሥራት አለበት። የወታደር የአገልግሎት ጡረታ ለመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት 30 በመቶ ሆኖ፣ ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት 1.65 በመቶ ይጨመርበታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። በ20 ዓመት 46.5፣ በ21 ዓመት 48.15 በመቶ ይሆናል። እርግጥ ይህ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው፤ የጉዳት አበሉ ግን በጉዳቱ ጊዜ ደመወዝ ላይ ነው። ቢሆንም 21 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ሰው ይግባኝ ከማለቱ በፊት ሁለቱንም በወረቀት አስልቶ ቢያስተያይ ይሻለዋል። አሸንፎ ምንም የማይጨምርለት ክርክር ውስጥ የገባ ሰው ጥቂት አይደለም። ስሌቱ ሲሠራም መነሻው መደበኛው ደመወዝ ብቻ ነው፤ የበረሃ አበልና ሬሽን አይገቡም። «ደመወዜን አሳንሰው ያዙብኝ» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከዚህ ነው። ጉዳቱ ከ1267/2014 በኋላ የደረሰ ከሆነ ደግሞ ከዚያ አዋጅ አንቀጾች ጋር ማመሳከር የግድ ነው። የውሳኔው ደብዳቤ የትኛውን አዋጅና የትኛውን አንቀጽ እንደጠቀሰ ማየት የመጀመሪያው ሥራ ይሁን።

ፋይሉ መመለስ ያለበት ጥያቄ

መዝገቡን የሚያየው ሰው በቅድሚያ የሚጠይቀው ባለጉዳዩ በሕጉ የሚሸፈን መሆኑን ነው። የመከላከያና የፖሊስ አባላት ይሸፈናሉ። ቋሚ ቅጥርና የጡረታ መዋጮ የሌለው ሚሊሻ ግን፣ የቱንም ያህል ቢቆስል፣ በዚህ ሕግ መንገድ የለውም። ሚሊሻ ሆኖ ለቆሰለ ሰው ይህ መራራ ነው፤ ይሁንና በተሳሳተ በር ዓመታት ከመቆም ከመነሻው አውቆ ወደ ክልሉ መስተዳድር ማመልከት ይሻላል።

ቀጥሎ ጉዳቱ ዘላቂ ነው ወይ፣ መጠኑስ ስንት ነው የሚለው ይመጣል። ይህን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው። በመጨረሻ ጉዳቱና አገልግሎቱ በምን ተገናኙ ይባላል። ፋይል የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ የውትድርናው ቦርድ ሲሰበሰብ የሚጠየቀው «ይህ ሰው ወታደር ሆኖ መቀጠል ይችላል?» የሚል ነው። መልሱም «አይችልም» የሚል ይሆናል፤ ለዚያ ጥያቄ ይህ በቂ ነው። ያው ወረቀት ወደ ጡረታ ሲሄድ ግን የሚጠበቅበት ሌላ ነው፤ ጉዳቱ ምንድን ነው፣ በምን ምክንያት ደረሰ፣ ዘላቂ ነው ወይ፣ በመቶኛ ስንት ነው። አራቱም ካልተጻፉ የጡረታው ሠራተኛ ከራሱ ሊጨምር አይችልም። ምክንያት ያልተጻፈበትን ፋይል በጤና ጉድለት መድቦ ያልፈዋል። ሠራተኛው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ወረቀቱ ለዚያ ጥያቄ አልተጻፈምና ነው።

ስለዚህ በቦርድ የሚሰናበት ወታደር ከሆስፒታሉ ግቢ ሳይወጣ ማረጋገጥ ያለበት እነዚህ አራቱ መኖራቸውን ነው። በዚያ ሰዓት አንድ መስመር ማስጨመር የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የቦርዱ አባላት ተቀያይረው፣ ክፍሉ ከሌላ ክፍል ጋር ተዋህዶ፣ አዛዡ ተዛውሮ ያንኑ መስመር ማስጻፍ ግን ራሱን የቻለ ይግባኝ ይሆናል።

ብዙዎች «በሥራ ላይ የደረሰ» ሲባል የውጊያ ቁስል ብቻ ይመስላቸዋል። ሕጉ ሰፋ ያለ ነው። በሥልጠና ላይ የደረሰ አደጋ ይገባል። መሥሪያ ቤቱ ባቀረበው መኪና ወደ ሥራ ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ የደረሰ አደጋም ይገባል። ወታደር የጫነ ኦራል ተገልብጦ ወገቡ የተሰበረ ሰው ጥይት ስላልነካው ብቻ «እኔ እኮ የጦር ጉዳተኛ አይደለሁም» ብሎ ሳይጠይቅ የሚቀር አለ፤ መጠየቅ አለበት። ከሕጉ ውጭ የሚሆነው ሆን ብሎ ራስን መጉዳት፣ በስካር ወይም በአደንዛዥ ዕፅ ተይዞ የደረሰ አደጋና በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ በመጣስ የመጣ ጉዳት ነው።

ማስረጃ እንዴት ይቆማል?

ከሁሉ የሚበልጠው በጊዜው የተጻፈ ወረቀት ነው። የቁስለኛ መላኪያ፣ ሪፈር የተባለበት ካርድ፣ የሆስፒታል መግቢያና መውጫ፣ ክፍሉ ስለ ጉዳቱ ለበላይ ያደረገው ሪፖርት። ቁስል በደረሰ በሳምንቱ የተጻፈ ግማሽ ገጽ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ለጉዳዩ ተብሎ ከተጻፈ አምስት ገጽ ይበልጣል። ካርድ ጠፋ ሲባል ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም፤ በካርድ ቁጥር ሳይሆን በስምና በተኛበት ወር የቀዶ ሕክምና ክፍሉ መዝገብ ወይም የተኝቶ ታካሚዎች መዝገብ እንዲታይ በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል። ካርድ ክፍል የሌለው ስም በቀዶ ሕክምና መዝገብ ሊገኝ ይችላል፤ ሁለቱ የተለያዩ ደብተሮች ናቸውና።

በጊዜው የተጻፈ ነገር ከሌለ አካሉ ራሱ ይመሰክራል፤ እንዲመሰክር ግን በትክክል መመርመር አለበት። ፍንጣሪ የቀረበት ሰው ራጅ ሲነሳ ብረቱ ይታያል። ሐኪሙ «እግሩን ያመዋል» ብሎ ከሚያበቃ፣ ባዕድ ብረቱ የት እንዳለ፣ በሚሊ ሜትር ምን ያህል እንደሆነ፣ ጠባሳው ከመግቢያው ጋር መግጠሙን ቢጽፍ ያ ወረቀት ምክንያትን ጭምር ይናገራል። በነገራችን ላይ በሰውነቱ ውስጥ፣ በተለይ በዓይኑ አካባቢ፣ ፍንጣሪ ያለበት ሰው ኤምአርአይ ታዞለት ከሆነ ማሽኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ለባለሙያው መንገር አለበት። ማግኔቱ ብረቱን ሊያንቀሳቅሰው ይችላል።

የጆሮ ጉዳት ደግሞ ለብቻው መታየት ያለበት ነው። መድፍ፣ ሞርታርና ታንክ ላይ የሠሩ ወታደሮች ጆሮ መጎዳቱ የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ ከዓመታት በኋላ «በዕድሜ የመጣ ነው» ተብሎ በቀላሉ ይጣላል። «ሁለቱም ጆሮው አይሰማም» የሚል ማስረጃ ለዚህ ክርክር መልስ አይሆንም። መልስ የሚሆነው የኦዲዮግራሙ፣ ማለትም የመስማት ምርመራው፣ ሥዕል ነው። በኃይለኛ ድምፅ የተጎዳ ጆሮ መስመሩ ከ3,000 እስከ 6,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) ባለው፣ አብዛኛውን ጊዜ 4,000 አካባቢ፣ ጎድጎድ ብሎ ወርዶ 8,000 ላይ ቀና ይላል። ዕድሜ ያደከመው ጆሮ ግን እስከ 8,000 ድረስ እየወረደ ይሄዳል። ሰውየው እየገፋ ሲሄድ የዕድሜው ድካም ጎድጓዳውን ይውጠዋልና ምርመራው በስንብት ጊዜ ወይም በቅርቡ መደረግ አለበት። ለማመልከቻው የሚያያዘውም ማጠቃለያው ብቻ ሳይሆን ሥዕሉ ጭምር ነው።

ከባዱ የወገብና የጉልበት ሕመም ነው። ሸክም ተሸክሞ ዓመታት የተጓዘ ሰው ወገቡ ቢጎዳ አያስገርምም፤ ግን ወገብ የሚያመው ሲቪልም ብዙ ስለሆነ አገልግሎቱን ከሕመሙ የሚያገናኝ በአገልግሎት ጊዜ የተደረገ የሕክምና ማስታወሻ ካልተገኘ ይግባኙ ቀጭን ነው።

የምስክር ደብዳቤ በብዛት ይቀርባል፤ በብዛትም ይወድቃል። «አገሩን በቅንነት ያገለገለ ጀግና ስለሆነ ጉዳዩ በርኅራኄ እንዲታይለት» የሚል ደብዳቤ ለሰውየው ክብር ነው፤ ማስረጃ ግን አይደለም። ማስረጃ የሚሆነው እንዲህ ዓይነቱ ነው፤ «በዚያን ጊዜ የመቶው ሕክምና ረዳት ነበርሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ፈንጂ ረግጦ ሲወድቅ ከእርሱ ሃያ ሜትር ያህል ርቄ ነበር። ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች አስሬ፣ በክፍሉ አምቡላንስ ወደ ኋላ ልኬዋለሁ።» ምስክሩ ማን እንደነበር፣ የት ቆሞ እንዳየ፣ ምን እንዳየና ቁስለኛው በምን እንደተወሰደ ይናገራል። ከዚህ ጋር የምስክሩ የራሱ አገልግሎት ማስረጃ ኮፒ ከተያያዘ ደብዳቤው እግር ያወጣል። ሁለት ምስክሮች ቃል በቃል አንድ ዓይነት ደብዳቤ ይዘው ከመጡ ግን ሁለቱም ይጠረጠራሉ፤ በአንድ ማመልከቻ ጸሐፊ እጅ የወጡ መሆናቸው ከሩቅ ይታያል። ያልነበረን ሰው «ነበርሁ» ማሰኘት ደግሞ ጉዳዩን መግደል ብቻ ሳይሆን ወንጀል ነው። እውነተኛ ቁስል ያለው ሰው በአንድ ሐሰተኛ ማኅተም ምክንያት ሙሉ ፋይሉ እንዳይታመን ማድረግ ያሳዝናል።

በከተማዋ ዳርቻ የሚኖሩ ሰዎችን በተለይ የሚያጋጥማቸው የስም ጉዳይ ነው። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎና ሱሉልታ ሸገር ከተማ ውስጥ ስለገቡ መታወቂያው በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ይሰጣል። የውትድርና መዝገቡ በአማርኛ ነው። በምልመላ ጊዜ የተመዘገበው ስም ደግሞ የቤት ስም ወይም የአያት ስም የቀረበት ሊሆን ይችላል። ፊደል ስለተለወጠ ብቻ አንድ ሰው ሁለት ሰው ይሆናል። መፍትሔው የውትድርና መታወቂያውን፣ የቀበሌውን መታወቂያና ፋይዳውን ደርድሮ ልዩነቱን ከይግባኙ በፊት ማስተካከል ነው፤ ልዩነቱ የፊደል ብቻ ካልሆነ በፍርድ ቤት ውሳኔ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ይግባኝ ተጀምሮ መሃል ላይ የስም ጥያቄ ከተነሳ መዝገቡ ይቆማል።

ይግባኙ ራሱ

መጀመሪያ የጽሑፍ ውሳኔ መያዝ ነው። በቃል «አይቻልም» ተብሎ የተመለሰ ሰው ይግባኝ የሚልበት ነገር የለውም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ «ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠኝ» የሚል አጭር ማመልከቻ አስገብቶ፣ የቀሪው ኮፒ ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቀንና ቁጥር ማስመታት ይገባል። ማኅተም የሌለበት ኮፒ እንዳልገባ ይቆጠራል። ይግባኝ የማቅረቢያው ጊዜም ውሳኔው በደረሰ ቀን መቆጠር ይጀምራል፤ ደብዳቤውን በተቀበሉበት ዕለት ቀኑን ጽፎ መያዝ ከብዙ ክርክር ያድናል።

አስተዳደሩ የወሰነውን የሚያየው የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ነው። ጉባኤው ውሳኔውን ሊያጸና፣ ሊያሻሽል፣ ሊሽር ወይም ነገሩ ተጣርቶ እንደገና እንዲወሰን ሊመልስ ይችላል። ከዚያ በላይ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት የሚኬደው በሕግ ስህተት ላይ ብቻ ነው። ይህ በተግባር ትርጉሙ ከባድ ነው፤ የፍሬ ነገር ክርክር፣ ማለትም ማን አየ፣ የት ቆሰለ፣ ካርዱ ምን ይላል የሚለው ሁሉ ጉባኤው ፊት ማለቅ አለበት ማለት ነው። «እዚህ ባይሆን ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ» ተብሎ የተያዘ ሰነድ ብዙ ጊዜ ሳይታይ ይቀራል። ከጅምሩ መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ክስ የሚከፍቱም አሉ፤ «ሥልጣን የለኝም» ተብለው ሲመለሱ የይግባኙ ጊዜ ያልፍባቸዋል።

ብዙ ሰው የሚንከራተተው ሁለት ውሳኔዎችን ስለሚያምታታ ነው። የቦርዱ ወረቀት አንድ ነገር ነው፤ የጡረታው ውሳኔ ሌላ ነው። ጉባኤው ሐኪም አይደለም፤ ስድስት በመቶ የተባለን ጉዳት ከመንበሩ ላይ ሆኖ አሥራ አምስት አያደርገውም። ስህተቱ የሕክምና ከሆነ የሚጠየቀው ጉዳቱ በሐኪሞች ቦርድ ዳግም እንዲመረመርና ምክንያቱ እንዲገለጽ ነው። ስህተቱ ቦርዱ የጻፈውን አስተዳደሩ ሳይቀበል መቅረቱ፣ ወይም የተሳሳተ ደመወዝ ወይም የተሳሳተ አዋጅ መያዙ ከሆነ ደግሞ ውሳኔው እንዲሻር ይጠየቃል። ሁለቱን በአንድ ማመልከቻ ማቅረብ ይቻላል፤ አማራጭ ሆነው ለየብቻ መጻፍ ግን አለባቸው።

ጥሩ የይግባኝ ጽሑፍ ከሁለት ገጽ አይበልጥም። የሚከራከሩበት ውሳኔ ቁጥርና ቀን፣ የተሳሳተው ነጥብ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ፍሬ ነገሩ በቀን ቅደም ተከተል፣ እያንዳንዱን ነገር የሚያስረዳው አባሪ ቁጥር፣ በመጨረሻ የሚጠየቀው ዳኝነት። ዳኝነቱ «ፍትሕ እንዲሰጠኝ» ሳይሆን «ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑ ተረጋግጦ የጉዳት ጡረታ አበል ከተሰናበትሁበት ቀን ጀምሮ ከነውዝፉ እንዲከፈለኝ» ነው። ያልተጠየቀ ነገር አይፈረድም፤ ውዝፉን ሳይጠይቁ አሸንፈው ካሸነፉበት ወር ብቻ የተከፈላቸው አሉ። ውዝፍም የይርጋ ገደብ አለውና መዘግየት በራሱ ገንዘብ ያሳጣል። ባለጉዳዩ ሊያገኘው ያልቻለው ሰነድ መከላከያ መዝገብ ቤት እጅ ካለ፣ መዝገቡ እንዲቀርብ ጉባኤው ትዕዛዝ እንዲሰጥለት በዚያው ጽሑፍ መጠየቅ አለበት።

ጥርጣሬው ለማን ይሁን?

ነገሩ ሁሉ ሲጠቃለል አንድ ችግር ላይ ይወድቃል። ማስረጃው የሚገኘው መንግሥት እጅ ነው፤ የማስረዳት ሸክሙ ግን የተጫነው ቁስለኛው ላይ ነው። ውጊያ ላይ የነበረ ወታደር ቁስሉን ሲያስር ደረሰኝ አይቀበልም። ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት እንደፈቱት ማየት ጠቃሚ ነው፤ ሀብታቸውን ሳይሆን የማስረጃ ደንባቸውን ማለቴ ነው።

በአሜሪካ ሕግ የሚደግፈውና የሚቃወመው ማስረጃ ተቀራራቢ ሆኖ ከተገኘ ጥርጣሬው ለወታደሩ ይፈረዳል። ውጊያ ላይ የነበረ ሰው ደግሞ ጉዳቱ ከውጊያው ሁኔታ ጋር የሚሄድ እስከሆነ ድረስ፣ የተጻፈ መዝገብ ባይኖርም የራሱ ቃል በቂ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ይግባኙም እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቶ ከየካቲት 2019 ጀምሮ በሠራው ሕግ ሦስት መንገድ አለው፤ አዲስ ማስረጃ ይዞ መመለስ፣ ያንኑ ፋይል በከፍተኛ ባለሙያ ማሳየት ወይም በቀጥታ ወደ ይግባኝ ቦርዱ መሄድ። ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ ለመምረጥ አንድ ዓመት ይሰጣል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2005 በፊት ለደረሱ ጉዳቶች በሚሠራበት የጦር ጡረታ ሥርዓት፣ ወታደሩ በተሰናበተ በሰባት ዓመት ውስጥ ከጠየቀ ጉዳቱ ከአገልግሎቱ ጋር እንደማይገናኝ የማስረዳት ግዴታው የመንግሥት ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ ነው ሸክሙ ወደ ጠያቂው የሚዞረው። ይህ አስተዋይ ሐሳብ ነው፤ መዝገቡ ትኩስ ሳለ መዝገቡን የያዘው ያስረዳ ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን ደንብ እኛ ዘንድ ለማምጣት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የስንብት ቦርዱ ቅጽ ላይ የጉዳት ምክንያትና መቶኛ የግድ የሚሞሉ ቦታዎች ቢደረጉ፣ ክፍሉም ጉዳቱን በግዳጅ ላይ አልደረሰም የሚል ከሆነ ምክንያቱን እንዲጽፍ ቢገደድ፣ ዛሬ ጉባኤው ፊት ከሚቀርበው ክርክር ብዙው ሆስፒታሉ በር ላይ ያልቅ ነበር። ሕግ እስኪሻሻል መጠበቅ እንኳ አያስፈልግም፤ ቅጽ በመመሪያ ይለወጣል።

ይህ ሁሉ በይበልጥ የሚያስፈልገው ቁስላቸው ለማይታይ ነው። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው እንቅልፍ ማጣት፣ ቅዠት፣ ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ መደንበር፣ ከሰው መራቅ ከስንብቱ ወራት አልፈው ሊጀምሩ ወይም ሊባባሱ ይችላሉ። በስንብቱ ቀን የተሞላው ቅጽ ይህን አይናገርም። ቤተሰቡ መጀመሪያ ጠበል፣ ቀጥሎ አማኑኤል ሆስፒታል ይወስደዋል፤ ሐኪሙ ሕመሙን ይጽፋል፤ ሰውየው ወታደር እንደነበረ ግን ማንም ስላልነገረው ካርዱ ላይ አይሰፍርም። አበል ሲጠየቅ ካርዱና አገልግሎቱ ሁለት የማይተዋወቁ ወረቀቶች ሆነው ይቀራሉ። ለዚህ በቤተሰብ እጅ ያለ መፍትሔ አለ፤ በመጀመሪያው የሕክምና ቀን የት ግንባር እንደነበረ፣ ምን እንደደረሰበት፣ ምልክቱ መቼ እንደጀመረ ለሐኪሙ መንገርና ይህ በካርዱ ላይ መጻፉን ማረጋገጥ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2010 ደንባቸውን ያቀለሉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ የጠላት ጥቃት ፍርሃት በነበረበት ቦታ ያገለገለ ሰው፣ ታሪኩ ከአገልግሎቱ ቦታ ጋር ከገጠመና የአእምሮ ሐኪም ካረጋገጠለት፣ ስለ አስደንጋጩ ክስተት የራሱ ቃል ይበቃዋል።

ጉዳዩ በአስተዳደሩ ወይም በጉባኤው ዘንድ ያለ ምክንያት ከዘገየ፣ ወይም ጉባኤው የወሰነው ካልተፈጸመ፣ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመውና በ1142/2011 የተሻሻለው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ያለ ክፍያ አቤቱታ ይቀበላል። ተቋሙ አበል አይወስንም፤ መቶኛም አይጨምርም። መሥሪያ ቤቱ ለምን እንደዘገየ እንዲመልስ ግን ይጠይቃል። አቤቱታው ላይ የገቢ ማኅተም ያለባቸውን ኮፒዎች በቀን ቅደም ተከተል ማያያዝ ያስፈልጋል። ባለጉዳዩ በይግባኙ መሃል ቢሞት ደግሞ መዝገቡ አይዘጋ፤ በ714/2003 አደላደል ሚስት ወይም ባል የሟቹን አበል 50 በመቶ፣ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ የማግኘት መብት ስላላቸው ወራሾች የወራሽነት ማስረጃ አውጥተው በእርሱ ቦታ ተተክተው መቀጠል ይችላሉ። ለዚህ ሲባል ዋናዎቹ ሰነዶች የት እንዳሉ ከባለጉዳዩ ሌላ ቢያንስ አንድ የቤተሰብ አባል ማወቅ አለበት።